ኤምአርአይ የልጄን አንጎል እድገት ያሳየኛል ወይ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ ሴት ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። የተወለደችው በ35 ሳምንቷ ነው። አራስ ሳለች የወፍ በሽታ ይዟት 3 ቀን መብራት ላይ ቆይታለች። በ16 ወሯ ሄደች። ንግግር ግን የለም፤ እማ፣ ባባ፣ እንካ እና ሌላ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነው ያላት። ሐኪሟ የአንጎል ኤምአርአይ አዘዘላት። ቀጠሮ ለመያዝ ስደውል በሰመመን ነው የሚሠራላት አሉኝ። አማቴ ሕፃን ልጅ ጨረር ውስጥ አይገባም ይላሉ፤ አባቷም እስከ 3 ዓመቱ አልተናገረም ነው የሚሉት። ባለቤቴ ደግሞ አንጎሏ ማደጉን እንወቅና እንረፍ ይላል። ኤምአርአይ የአንጎል እድገትን በእውነት ያሳያል? ላሠራላት ወይስ ልተወው?»

እህቴ፣ አጭሩን አስቀድሜ ልንገርሽ። ኤምአርአይ ጨረር የለውም። የአማትሽ ስጋት ከራጅና ከሲቲ ስካን የመጣ ነው፣ አይፈረድባቸውም። ኤምአርአይ የአንጎልን ቅርጽ ያሳያል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደግሞ አንጎሉ ከብስለት የት እንደደረሰ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ልጅሽ መቼ እንደምትናገር ግን አያሳይም። ባለቤትሽ የሚፈልገው ዕረፍት ከዚህ ምርመራ አይገኝም፤ ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ቢመጣ እንኳ አያሳርፋችሁም፣ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ። አንድ ነገር ግን ጥያቄሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ጆሮዋ ተመርምሯል ወይ?

ከዚህ ልጀምር፣ ከሁሉም የሚቸኩለው እሱ ስለሆነ።

ንግግር የዘገየበት ልጅ ሲመጣ ቀዳሚው ምርመራ የመስማት ምርመራ ነው። «ስጠራት ትዞራለች፣ ቴሌቪዥን ሲከፈት ትሮጣለች» ብለሽ እንዳትተይው። በከፊል የሚሰማ ልጅ በር ሲዘጋ ይሰማል፣ እናቱ ስትጣራም ይሰማል፤ «ሰ»ን ከ«ሸ» ለመለየት የሚበቃ መስማት ግን ላይኖረው ይችላል። ጥርት አድርጎ ያልሰማውን ደግሞ መልሶ ሊናገረው አይችልም። ልጅሽ ጋ ተጨማሪ ምክንያት አለ፣ የወፍ በሽታው። የወፍ በሽታ የያዘውን ሕፃን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን የሚባል ነገር ደም ውስጥ በጣም ሲበዛ ከሚጎዳቸው ቦታዎች አንዱ ከጆሮ ወደ አንጎል የሚሄደው የነርቭ መስመር ነው። 3 ቀን መብራት ላይ ቆይታ ደም መቀየር ሳያስፈልጋት ከወጣች አብዛኛውን ጊዜ ምንም ጠባሳ አይተውም፤ ስለዚህ አትደንግጪ። ግን የጆሮ ምርመራውን ዓይነት ይለውጠዋል፣ እዚህ ላይ ልብ በይ።

ለትንንሽ ልጆች ሁለት መሣሪያ አለን። ኦኤኢ የምንለው የውስጠኛው ጆሮ ለድምፅ መልስ መስጠቱን ያያል፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ኤቢአር የምንለው ደግሞ ድምፁ በነርቩ በኩል እስከ አንጎል ግንድ መድረሱን ይለካል። ቢሊሩቢን ነርቩን ስለሚነካ፣ ልጅ ኦኤኢውን በደንብ አልፎ ኤቢአሩ ላይ ችግር ሊታይበት ይችላል። ኦኤኢ ብቻ ተሠርቶላቸው «ጆሮው ደህና ነው» ተብለው ወደ ቤት የተመለሱ፣ ከዓመት በኋላ ኤቢአር ሲሠራላቸው ታሪኩ የተለወጠ ልጆች አይቻለሁ። ስለዚህ ስትሄጂ እንዲህ በያቸው፦ «አራስ ሳለች የወፍ በሽታ ነበረባት፣ ያለ ጊዜዋም ነው የተወለደችው፣ ኤቢአርም ይሠራላት።» ይህን ስትያቸው የሚመርጡት ምርመራ ይለወጣል።

አሁን ወደ ኤምአርአዩ።

ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ነው። ሆስፒታል ውስጥ በብዛት የምታገኚው 1.5 ቴስላ ነው፣ 3 ቴስላም አለ። 1.5 ቴስላ ከምድር የማግኔት ኃይል ወደ 30,000 እጥፍ ይጠጋል። ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃው ውስጥ ያሉት የሃይድሮጅን ቅንጣቶች በማግኔቱ ይሰለፋሉ፣ ማሽኑ በሬዲዮ ሞገድ ነካ ያደርጋቸዋል፣ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ የሚሰጡት ምልክት ተሰብስቦ ምስል ይሆናል። በቃ ይኸው ነው። ራጅና ሲቲ የሚጠቀሙበት ጨረር እዚህ የለም።

እድገቱ እንዴት ይታያል? አራስ ልጅ አንጎሉ ውስጥ ውሃ ይበዛል። የነርቭ ክሮቹ ገና እርቃናቸውን ናቸው። ከዚያ ቀስ በቀስ ማይሊን የሚባል ቅባት የበዛበት ሽፋን ይለብሳሉ፤ ሽፋኑን የለበሰ ክር መልእክት በጣም ፈጥኖ ያስተላልፋል። ቲ1 የምንለው ምስል ላይ ቅባት ወደ ነጭ፣ ውሃ ወደ ጥቁር ይሄዳል። ቲ2 የምንለው ላይ ደግሞ ውሃው ነው የሚነጣው። ወተት ሲናጥ ቅቤው ከአሬራው ቀስ እያለ እንደሚለየው፣ የሕፃን አንጎል ምስልም ወር በወር መልኩን ይለውጣል። ቲ1 ላይ ጥቁር የነበረው ይነጣል፣ ቲ2 ላይ ነጭ የነበረው ይጠቁራል።

ደስ የሚለው ነገር ቅደም ተከተል ያለው መሆኑ ነው። ከታች ወደ ላይ፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ከመሃል ወደ ዳር ነው የሚሄደው። ዘጠኝ ወሩን ሞልቶ የተወለደ ልጅ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ኢንተርናል ካፕሱል በሚባለው መተላለፊያ የኋላ ክንድ ላይ ቲ1 ምስል ውስጥ አንዲት ነጭ ነጠብጣብ ይኖረዋል። ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ወሊድ ላይ ታፍኖ የቆየ ሕፃን ምስል ሲከፈትልኝ ዓይኔ ቀድሞ የሚሮጠው ወደዚያች ነጠብጣብ ነው፤ እሷ ከጠፋች ልጁ ወደፊት በእንቅስቃሴው ላይ ችግር ሊገጥመው እንደሚችል ገና በሳምንቱ እናውቃለን፣ ቤተሰቡንም ሳይዘገይ ለፊዚዮቴራፒ እናዘጋጃለን። ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው ድልድይ፣ ኮርፐስ ካሎሰም፣ ቲ1 ላይ ከኋላው በ4 ወር አካባቢ ይነጣል፣ ከፊቱ በ6 ወር። ቲ2 ላይ ግን ዘግየት ይላል፤ ከኋላው በ6 ወር፣ ከፊቱ በ8 ወር አካባቢ ነው የሚጠቁረው። ከግንባር በኩል ያለው የአንጎል ክፍል መጨረሻ ይደርሳል። ከ18 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ምስሉ በዓይን ሲታይ የትልቅ ሰው አንጎል መምሰል ይጀምራል።

ይህ ማለት ምስሉ ያለ ዕድሜ አይነበብም ማለት ነው። ያው ምስል ለ5 ወር ልጅ ጤነኛ፣ ለ2 ዓመት ልጅ ከባድ በሽታ ነው። አንድ ያጋጠመኝን ልንገርሽ፣ እስካሁን ከአእምሮዬ አልጠፋም።

አንድ እናትና አባት የልጃቸውን ፊልም ይዘው መጡ። ሌላ ቦታ የተጻፈው ሪፖርት «ለዕድሜው እጅግ የዘገየ ማይሊን» ይላል። ምስሉ ራቅ ወዳለ ባለሙያ በኢንተርኔት ተልኮ ነው የተነበበው። እናትየው ለቅሶ ላይ ናት። ልጁ ግን ጭኗ ላይ ተቀምጦ የአባቱን መነጽር እየነጠቀ፣ ወርውሮ አጎንብሶ እየፈለገ፣ ዓይኔን እያየ ይስቃል። እንዲህ የሚጫወት ልጅና ያ ሪፖርት አልገናኝ አሉኝ። ፊልሙን መብራት ላይ አደረግኩት። ጥግ ላይ ዕድሜ 8 ዓመት ይላል። ልጁ 11 ወሩ ነበር! የተወለደው መስከረም 2016 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። መዝጋቢው 2016 የሚለውን እንዳለ ማሽኑ ውስጥ አስገባው፤ ማሽኑ የፈረንጁን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ልጁን ባንድ ጊዜ ከሰባት ዓመት በላይ አሳደገው። ያነበበው ሰው ከፊቱ ያለውን ነው ያነበበው፣ የ8 ዓመት ልጅ አንጎል እንዲያ ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበር። ለ11 ወር ልጅ ግን ምስሉ ልክ እንደሚጠበቀው ነው። እነዚያ ወላጆች 9 ቀን ሳይተኙ ከርመዋል።

ስለዚህ የትም ብትሄጂ፣ የልደት ቀኗን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፈሽ ያዢ። ፊልሙ ሲሰጥሽ ቦርሳሽ ውስጥ ከመክተትሽ በፊት ጥግ ላይ ያለውን ስምና ዕድሜ አንብቢ። ዕድሜዋ ከተሳሳተ እዚያው አስተካክሉልኝ በይ። ያለ ጊዜዋ መወለዷንም ንገሪያቸው፤ ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የምንቆጥረው መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ 5 ሳምንት ልዩነት ያመጣል። ለአንቺ ልጅ አሁን ብዙም አይለውጥም፣ 2 ዓመት አልፏታል።

እዚህ ጋ ነው ዋናው ነገር። ልጅሽ 28 ወሯ ነው። ያ ወር በወር የሚቆጥረው ሰዓት ለእሷ ሊያልቅ ነው ወይ አልቋል። አንጎሏ ጤነኛ ከሆነ ምስሉ የትልቅ ሰው መስሎ ይመጣል፣ ራዲዮሎጂስቱም «ማይሊን ለዕድሜዋ ተገቢ ነው» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ያለው እድገት አለ፣ በጣምም ብዙ ነው፣ ግን በዓይን የሚነበብ አይደለም። በ2022 አንድ ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር፤ ከ100,000 በላይ ሰዎች፣ ከ120,000 በላይ የአንጎል ምስል፣ ከማሕፀን ውስጥ ጽንስ ጀምሮ እስከ 100 ዓመት አዛውንት። የአንጎል ግራጫው ክፍል መጠን በ6 ዓመት ገደማ ጫፍ ይደርሳል፤ ነጩ ክፍል፣ ማለትም የተሸፈኑት ክሮች፣ እስከ 29 ዓመት ገደማ ይጨምራል። ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስትይዝም አንጎሏ ገና እየተሠራ ነው ማለት ነው። ግን ይህ የሚታወቀው በኮምፒውተር ተለክቶ፣ የብዙ ሺህ ሰው አማካይ ተወስዶ ነው። አንድ ልጅን ነጥለሽ «ያንቺ ልጅ መስመሩ ላይ ናት» ለማለት ክሊኒክ ውስጥ አንጠቀምበትም። ምስሎቹም አብዛኞቹ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ሰዎች ናቸው፤ የእኛ ልጆች እዚያ ውስጥ እምብዛም የሉም። እኔን ይህ ያሳስበኛል። ተስፋ የሚሰጠው በጎማ የሚገፋ፣ ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ኤምአርአይ መምጣቱ ነው፤ 0.064 ቴስላ ብቻ ነው፣ በ2020 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል፣ ደቡብ አፍሪካና ማላዊ ውስጥ ሕፃናት እየታዩበት ነው። ምስሉ እንደ ትልቁ ጥርት ያለ አይደለም፤ ግን ማሽኑ ወደ ልጁ ይሄዳል።

ቲክቶክ ላይ የሚዞሩትን የአንጎል ፎቶዎችም ሳታዪ አትቀሪም። ስልክ የሚያይ ልጅ አንጎልና የማያይ ልጅ አንጎል እያሉ ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። የብዙዎቹ መነሻ በ2020 የወጣ አንድ ጥናት ነው፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ 47 ልጆች ታይተው፣ ስክሪን የሚበዛባቸው ልጆች ከቋንቋ ጋር የተያያዙት ክሮቻቸው ላይ ልዩነት ታይቷል። ጥናቱ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ነው፣ ግን 47 ልጅ ነው፣ የታዩትም አንዴ ነው፤ ስክሪኑ አመጣው ወይስ ሌላ ነገር፣ ከዚያ አይታወቅም። የአንድን ልጅ ፊልም አይተን ይህች ስልክ አብዝታለች የምንልበት መንገድም የለም። እኔ ስልኩን ቀንሺላት የምልሽ ሌላ ምክንያት ስላለኝ ነው፦ ስልኩ ሲናገር ልጅሽ ተራ አይደርሳትም።

በጣም የማምንበት ጥናት ግን ሩማንያ ቡካሬስት የተሠራው ነው። በሕፃንነታቸው ማሳደጊያ ተቋም የገቡ ልጆች በዕጣ ተለይተው ግማሾቹ ቤተሰብ ውስጥ እንዲያድጉ ተደረገ። ከ8 እስከ 11 ዓመት ሲሆናቸው በኤምአርአይ ታዩ። ተቋም ውስጥ የቀሩት የነጩ ክፍል መጠናቸው ከቤታቸው ካደጉ ልጆች ያነሰ ነበር፤ ቤተሰብ ያገኙት ግን ቤታቸው ካደጉት ብዙም የማይለዩ ሆነው ተገኙ። የሚያቅፍ፣ የሚያናግር፣ ስሙን የሚጠራው ሰው ማግኘት ፊልም ላይ ታየ። ይህን ሳነብ የተሰማኝን ዛሬም አስታውሳለሁ።

እሺ፣ ታዲያ ኤምአርአይ መቼ ነው ግድ የሚሆነው? የነበራት ችሎታ ከጠፋ፤ ማለትም ትናገር የነበረውን ከተወች፣ ትሄድ የነበረችው መውደቅ ካበዛች። የሚጥል ዓይነት ነገር ከታየባት፣ ፍዝዝ ብላ መቅረትም ይቆጠራል። የጭንቅላቷ ዙሪያ ልክ ከመስመሩ ወጥቶ በፍጥነት ካደገ ወይም ከቆመ። አንዱ ጎኗ ከደከመ፤ ገና ዓመት ሳይሞላት በአንድ እጅ ብቻ ትይዝ ከነበረ ያ ምልክት ነው። ሰውነቷ ከመጠን በላይ የሚግተረተር ወይም የሚልፈሰፈስ ከሆነ። ቆዳዋ ላይ ከልደቷ ጀምሮ ብዙ ነጫጭ ወይም ቡናማ ምልክቶች ካሉ። ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሳትና ራሷን የሚያማት ከሆነ አትቆዪ፣ በዚያው ሳምንት ሂጂ። ንግግር ብቻ ሳይሆን ሌላውም አብሮ ከዘገየ፣ ለምሳሌ በእጅ መያዝ፣ መጫወት፣ መግባባት፣ ያን ጊዜም ኤምአርአይ ማዘዝ ተገቢ ነው። የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች ማኅበርም በ2003 ባወጣው መመሪያ ሁለንተናዊ መዘግየት ላለበት ልጅ ይመክራል፣ ከሲቲም ኤምአርአይን ያስቀድማል።

ንግግር ብቻ ዘግይቶ ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ግን ኤምአርአይ የመጀመሪያ ምርመራ አይደለም። ኦቲዝም ቢጠረጠርም ለብቻው ምክንያት አይሆንም፤ የአብዛኞቹ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ኤምአርአይ ንጹሕ ነው። ባለቤትሽ እንዲገባው የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ንጹሕ ፊልም ይዘው ወጥተው «ምንም የለባትም ተባልን» ብለው የንግግር ሕክምናውን ያቆሙ ወላጆች አሉ፣ ከዚያ በ4 ዓመቷ ይመለሳሉ። ሁለቱ ዓመታት አይመለሱም። በ28 ወር ሁለት ቃል ማጣመር እንጠብቃለን፣ «እማ ነይ»፣ «ውሃ ስጪ» እንደማለት። ልጅሽ አምስት ስድስት ቃል ላይ ናት። ይህ መዘግየት ነው፣ አባቷም ዘግይቶ ቢሆን።

ስለዚህ ለአንቺ የምመክርሽ ይህን ነው። ያዘዘላትን ሐኪም ደውለሽ ሁለት ጥያቄ ጠይቂው። ምን አይተህ ነው ያዘዝክላት? ውጤቱ ንጹሕ ቢሆንና ባይሆን የምናደርገው ነገር ይለወጣል ወይ? ምናልባት እኔ ከዚህ ሆኜ የማላየውን አይቷል፤ እግሯ ተገትሮ ሊሆን ይችላል፣ ጭንቅላቷን ለክቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ካለሽ አሠሪላት፣ አትፍሪ። ንግግሯ ስለዘገየ ብቻ ነው ካለሽ ግን ኤቢአሩን አስቀድሙ፣ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ አብሮ ይሠራላት፤ እኛ አገር ሁሉም ጨቅላ ሲወለድ ታይሮይዱ አይታይም። ኤም ቻት የሚባለውን የኦቲዝም መጠይቅም ሙሉላት፣ እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች ስለሆነ ሁለት ወር ይቀራታል። ከዚህ በኋላ ኤምአርአዩን እንደገና እናስበው።

ይሠራላት ከተባለ፣ ሰመመኑን በተመለከተ። ሥራው 30 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል፣ ከተንቀሳቀሰች ምስሉ ይበላሻል፣ ማሽኑም እንደ ኮንክሪት መቅደጃ ይጮሃል። የ2 ዓመት ልጅ ነቅታ ዝም ብላ አትተኛም። ጥቂት ወር የሆናቸውን ጡት አጥብተን፣ ጥቅልል አድርገን እንቅልፍ ሲወስዳቸው እንሠራለን፤ ለልጅሽ ያ አልፏል። በ2016 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከ3 ሰዓት በላይ ስለሚቆይ ወይም ስለሚደጋገም ሰመመን ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ሰዎች የሚያወሩት እሱን ነው። ለአንድ አጭር ሰመመን ግን መረጃው ያረጋጋል። በ7 አገሮች ከ700 በላይ ጨቅላዎች የቡአ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው፣ ከፊሎቹ ሙሉ ሰመመን ከፊሎቹ ወገብ ላይ ማደንዘዣ ወስደው፣ 5 ዓመት ሲሆናቸው የአእምሮ ችሎታቸው ተለካ። ልዩነት አልተገኘም። ይህ ውጤት በ2019 ነው የወጣው። አንቺ መጠየቅ ያለብሽ ሌላ ነገር ነው፦ ሰመመኑን የሚሰጠው ማነው? ለልጅ የሚሆን ኦክስጅንና መከታተያ ክፍሉ ውስጥ አለ ወይ? እስክትነቃ የሚጠብቃት ሰው አለ ወይ? እነዚህን በግልጽ ካልመለሱልሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ።

ጾሙን አደራ። ምግብና የላም ወይም የቆርቆሮ ወተት 6 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት። አጥሚት ምግብ ነው፣ 6 ሰዓት ነው። ስታለቅስ አንጀትሽ ሳይችል ቀርቶ ብስኩት ብትሰጫት፣ ወይም አያቷ ደብቀው ቢያቀምሷት፣ እባክሽ ተናገሪ፤ ቀጠሮ ይቀየራል እንጂ ማንም አይቆጣሽም። ሆዷ ውስጥ ምግብ እያለ ከተኛች ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ጉንፋን ወይም ሳል ከያዛት በቀጠሮው ዋዜማም ቢሆን ደውለሽ አስተላልፊው።

ብረት ደግሞ ቀልድ የለውም። በ2001 ኒውዮርክ ውስጥ የ6 ዓመት ልጅ ማሽኑ ውስጥ ሳለ ክፍሉ ውስጥ የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ ገድሎታል። የጆሮ ጌጥ፣ የፀጉር መቆንጠጫ፣ አንገቷ ላይ ያለው መስቀል፣ ብረት ያለው ክታብ፣ ሁሉም ይውለቅ። ማተቡ ክር ብቻ ከሆነ ችግር የለውም። ኩል ተቀብታ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ጥርግ አድርገሽ እጠቢላት፤ ዓይን የሚኳልበት ነገር ውስጥ የብረት ቅንጣት ሊኖር ይችላል፣ ምስሉን ያበላሻል፣ ዓይኗንም ሊያሞቀው ይችላል። አንቺም አብረሻት ከገባሽ እንደዚያው። በደም ሥር የሚሰጠው ኮንትራስት የሚባለው መድኃኒት ለእድገት መዘግየት ምርመራ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ እንሰጣለን ካሉ ለምን እንደሆነ ጠይቂ።

ሪፖርቱ ሲመጣ አንድ ነገር ልብ በይ። ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ልጆች ላይ ከአንጎል ውሃ ከረጢቶች ከኋላ በኩል ጉዳት መኖሩን እንፈልጋለን። ችግሩ ጤነኛ ልጅም እዚያው አካባቢ ቲ2 ላይ ደብዘዝ ያለ ነጭ ደመና ይኖረዋል፤ ማይሊን መጨረሻ የሚደርስበት ቦታ ስለሆነ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ደመናውና ከረጢቱ መሃል ቀጭን ጤነኛ መስመር ካለ፣ የከረጢቱ ጠርዝም ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው። ደመናው ከረጢቱን ነክቶ፣ አካባቢው ሳስቶ፣ ጠርዙ ከተወላገደ ያ ጉዳት ነው። ሪፖርቱ ያለ ጊዜ ከመወለድ የመጣ ጉዳት አለባት ካለ ይህንን ልዩነት አይተውት እንደሆነ ጠይቂ፤ ሲዲውንም ውሰጂ፣ ፊልም ብቻ አይበቃም፣ ሌላ ባለሙያ ማየት ከፈለገ የሚረዳው ሲዲው ነው። አራክኖይድ ሲስት፣ ሜጋ ሲስተርና ማግና የሚሉ ቃላት ካየሽ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ከመግባትሽ በፊት ሐኪሙን ጠይቂ። አብዛኞቹ ከልደት ያሉ፣ ምንም የማያደርጉ ነገሮች ናቸው።

የጆሮ ቀጠሮ እስኪደርስ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን አጥፊና መሬት ላይ አብረሻት ተቀመጪ። የምትወደውን ነገር፣ ብርቱካንም ይሁን ኳስ፣ ከፊትሽ አቅርበሽ ያዢ፣ ስሙን አንዴ ጥሪውና ዝም በይ። በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። ፊትሽን ታያለች፣ እጇን ትዘረጋለች፣ ወይ ድምፅ ታወጣለች። ያወጣችውን ሁሉ ተቀበያት፣ ስሙን ደግመሽ ስጫት። አባቷም፣ አያቷም እንደዚሁ ያድርጉ። ምን ምን ድምፅ እንዳወጣች፣ ጀርባዋን ሰጥታሽ በሹክሹክታ ስትጠሪያት መዞር አለመዞሯን በየቀኑ ደብተር ላይ ጻፊ፤ ለኤቢአሩ ስትሄጂ ደብተሩን ይዘሽ ሂጂ። ውጤቱ ሲደርስሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የልጅሽን ስም ግን ፎቶው ላይ ሸፍኚው።